ከጥንቸል የሚመጣው መድኃኒትና የተተከለው ቆሽት፦ እንዴት ይሠራል?

ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ቆሽት ሊተከልለት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ፣ የሆስፒታሉ ፋርማሲ አራት ትንንሽ ብልቃጦች ያዘጋጃል። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ 25 ሚሊግራም ነጭ ዱቄት አለ። ዱቄቱ በንጹሕ ውኃ ይሟሟል። ብልቃጡ አይናጥም፣ በጣቶች መካከል ቀስ ተደርጎ ይሽከረከራል፤ ፕሮቲን ሲናጥ አረፋ ያወጣልና። ከዚያ በከረጢት ካለ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀልና፣ ደቃቅ ማጣሪያ ተገጥሞለት፣ አንገት ሥር በገባች ቀጭን ቱቦ ወደ ትልቁ የደም ሥር ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። የመጀመሪያው መጠን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

ዱቄቱ የመጣው ከጥንቸል ነው። ሕፃናት የልብ ኦፕራሲዮን ሲደረግላቸው፣ ሐኪሙ ልባቸው ጋ ለመድረስ ከደረት አጥንት ጀርባ ካለው የታይመስ ዕጢ ቆርጦ ማንሳት ግድ ይለዋል። ታይመስ ቲ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚበስሉበት ቦታ ስለሆነ ቁራጩ በእነሱ የታጨቀ ነው። እነዚህ የሰው ሕዋሳት ጥንቸል ላይ ይወጋሉ። የጥንቸሏ ሰውነት እንግዳ ነገር እንደገባበት ያውቅና ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ያ ፀረ እንግዳ አካል ከደሟ ተጣርቶ ለሰው ሲሰጥ፣ የሰውን ቲ-ሴል እየፈለገ ይይዛል፣ ይገድላልም። ታይሞግሎቡሊን ይባላል።

በኦፕራሲዮኑ ዕለትና በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት የሚሰጠውን ይህን ብርቱ ሕክምና ሐኪሞች ኢንዳክሽን ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር የመነሻ ሕክምና ብንለው ያስኬዳል። ዕድሜ ልክ የሚዋጠው ክኒን ከዚህ የተለየ ነው። ብዙ የታካሚ ቤተሰቦች የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ ይህ ሁሉ የተተከለውን ቆሽት ያሰነብተዋል ወይ? የተለመደው መልስ «ሰውነት አልቀበልም እንዳይል ያደርጋል፣ ስለዚህ ቆሽቱ ዕድሜ ያገኛል» የሚል ነው። መልሱ ግማሹን እውነት ይዟል። የተተከለ ቆሽት የሚሞትባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ የመነሻው መድኃኒት ከእነዚያ አንዱን ይዘጋል። ስለዚህ ስለ መድኃኒቱ ውጤት አንድ ቁጥር ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ የጠፉት ቆሽቶች በምን እንደጠፉ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ ክብደቱ ከመቶ ግራም ብዙም የማይርቅ አካል ነው። አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚያልም ጭማቂ ያመነጫል። ኢንሱሊን የሚሠሩት ሕዋሳት በውስጡ እዚህም እዚያም በትንንሽ ክምር ተበትነው ይገኛሉ። ክምሮቹ ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ፣ ሁሉም ቢደመሩ ግን ከቆሽቱ ክብደት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆኑ ነው። ዓይነት አንድ የሚባለው የስኳር በሽታ የሚመጣው የሰውየው የራሱ የበሽታ መከላከያ በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ተነሥቶ ሲያጠፋቸው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ቆሽት አይተከልለትም። ለአብዛኛው ሰው የኢንሱሊን መርፌ፣ መከላከያን የሚያዳክም ክኒን ዕድሜ ልክ ከመዋጥ ይሻላል። ስኳሩ ኩላሊቱን ጨርሶበት ኩላሊት ሊተከልለት የሆነ ሰው ግን ያ ክኒን አይቀርለትም፤ እንግዲያው ከዚያው ከሟች ለጋሽ ቆሽቱም አብሮ ቢመጣ፣ አንድ ጊዜ በሚከፈለው ዋጋ ከኩላሊት እጥበትም ከመርፌም ይገላገላል። በአሜሪካ ከሚደረጉት የቆሽት ንቅለ ተከላዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ጥምር ናቸው። ኩላሊቱን ቀድመው አግኝተው ቆሽቱን በኋላ የሚቀበሉም አሉ። ጥቂቶች ደግሞ ኩላሊታቸው ደህና ሆኖ፣ ስኳራቸው ምንም ምልክት ሳያሳይ ድንገት እየወረደ ራሳቸውን ስለሚስቱ፣ ቆሽት ብቻ ይተከልላቸዋል። እነዚህን ሦስት ዓይነት ሰዎች ለይቶ ማየት ለጥያቄያችን ወሳኝ ነው።

አሮጌው ቆሽት ከቦታው አይነሳም። አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ሆድ በስተቀኝ ይቀመጣል፣ ኩላሊቱ በስተግራ። ከአዲሱ ቆሽት ጋር የለጋሹ የአንጀት መጀመሪያ ቁራጭ አብሮ ይመጣና ከተቀባዩ ትንሹ አንጀት ጋር ይሰፋል፤ ጭማቂው የሚፈስበት መንገድ ይህ ነው። የደም ሥሮቹ ተሰፍተው መቆንጠጫው ሲለቀቅ፣ በበረዶ ውስጥ ቆይቶ የገረጣው ሥጋ ይቀላል፣ ይሞቃል። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች ዓይን የሚያርፈው በስኳር መለኪያው ላይ ነው። ለዓመታት በመርፌ ሲገፋ የኖረው ስኳር በሰዓታት ውስጥ ያለማንም እርዳታ ይወርዳል። በሕክምና ታሪክ ውስጥ እንዲህ ቶሎ ውጤቱ የሚታይ ነገር ጥቂት ነው፤ ስለ ቆሽት ንቅለ ተከላ ባነበብኩ ቁጥር የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው።

ችግሩ ወዲያው ይጀምራል። ያ ቆሽት ያለ ደም ለሰዓታት ቆይቷል። ደም ሲመለስበት ሥጋው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ የአደጋ ምልክት የሆኑ ኬሚካሎችን ይለቃል። ከለጋሹ ጋር የመጡ ነጭ የደም ሕዋሳትም ከቆሽቱ ወጥተው ወደ ተቀባዩ ንፍፊቶች ይሄዳሉ፤ በዚያ የሰውየው ቲ-ሴሎች ያገኟቸዋል። ከቲ-ሴሎቹ መካከል የሌላ ሰው ሥጋ መሆኑን የሚለዩት ብዙ ናቸው። የለዩት ኢንተርሉኪን-2 የሚባል የመባዣ ምልክት ይለቃሉ፣ ይባዛሉ፣ ተመልሰው ቆሽቱን ያጠቃሉ። ይህ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የሚሆን ነው።

ዕለታዊዎቹ ክኒኖች ለዚህ ጊዜ ብቻቸውን አይበቁም። ዋናው ክኒን ታክሮሊመስ መጠኑ ተስተካክሎ እስኪረጋ ቀናት ይወስዳል፤ በዚያ ላይ የኩላሊትን የደም ሥሮች ያጠባል። አዲስ የተተከለ ኩላሊት ገና ሽንት ለማውጣት ሲታገል ብዙ ታክሮሊመስ መጨመር ጉዳት አለው። የመነሻው መድኃኒት ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ታክሮሊመሱ ቀስ ብሎ እንዲጀመር ፋታ ይሰጣል።

ቤታችን ትልቅ እንግዳ ሲመጣ የምናደርገውን ማሰብ ይረዳል። ውሻው ይታሰራል። አንዳንዱ ቤት ውሻውን ከግቢ ያስወጣዋል፣ አንዳንዱ አፉን ብቻ ያስረዋል። ታይሞግሎቡሊን የመጀመሪያውን ያደርጋል፤ ቲ-ሴሎቹን ከደም ያጠፋቸዋል፣ ተመልሰው ቁጥራቸው እስኪሞላ ወራት ይፈጃል። አለምቱዙማብ የሚባለው ደግሞ ይበልጥ ይበረታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መጠን፣ 30 ሚሊግራም ይበቃል፣ ቲ-ሴሎቹም ቢ-ሴሎቹም ይመታሉ፣ የአንዳንዶቹ መመለስ ከዓመት ያልፋል። ባሲሊክሲማብ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ሕዋስ አይገድልም፤ ቲ-ሴሎች የመባዣውን ምልክት የሚቀበሉበትን ቦታ ይሸፍናል። በኦፕራሲዮኑ ቀንና በአራተኛው ቀን 20፣ 20 ሚሊግራም ይሰጣል፣ ሽፋኑ ለአንድ ወር ገደማ ይቆያል። ለሕመምተኛው ቀላል ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት እምብዛም የለውም። ለጠነከረ አደጋ ግን ይሳሳል። ውሻው በሌለበት ጊዜ ሌባም እንደሚገባ ደግሞ እናውቃለን፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ይህ የመነሻ ሕክምና ሐሳብ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። በታኅሣሥ 1966 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ኬሊና ሪቻርድ ሊሌሃይ የመጀመሪያውን ቆሽት ከኩላሊት ጋር ለአንዲት የስኳር ሕመምተኛ ተከሉ። ሴትዮዋ ለጥቂት ቀናት ያለ ኢንሱሊን ቆየች፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሞተች። በዚያው ዓመት በዴንቨር ቶማስ ስታርዝል ከፈረስ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች መስጠት ጀምሮ ነበር። በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን በካምብሪጅ አንድን ዒላማ ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አገኙ፤ በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት። ከዚያ ዘዴ የተወለደው ኦኬቲ-3 በ1986 በአሜሪካ ተፈቀደ፣ ለሰው ሕክምና ከዚህ ወገን የመጀመሪያው ነበር። ከአይጥ የመጣ ነበርና ሰውነት ይለየዋል። የመጀመሪያው መጠን ሲሰጥ ቲ-ሴሎቹ ከመሞታቸው በፊት ተቀስቅሰው የያዙትን ሁሉ ይለቃሉ፤ ሕመምተኛው በትኩሳት ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ታይሞግሎቡሊንም ትኩሳትና ብርድ ያመጣል፤ ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊት ስቴሮይድ፣ ፓራሲታሞልና ፀረ አለርጂ የሚሰጠው፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠበውም ለዚሁ ነው። በየማለዳው ነጭ የደም ሕዋስና ፕላትሌት ይቆጠራል፤ ከወረዱ የዕለቱ መጠን በግማሽ ይቀነሳል ወይም ይዘለላል።

ሚኒሶታ ላይ እያለን አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም ስለ ቆሽት ሁሉን የሚቀይር ነገር አሳይቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዴቪድ ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ ከቆሽታቸው ቁራጭ ለመንታቸው የሰጡ ሰዎችን አከሙ። መንቶቹ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ፣ ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስኳር አለበት፣ ሌላው የለበትም። በእንዲህ ያሉ መንቶች መካከል ሥጋው እንግዳ ስላልሆነ ብርቱ መድኃኒት አያስፈልግም ተብሎ ታመነ። ቆሽቱ ሠራ፤ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ስኳሩ ተመለሰ። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተቀረው ቆሽት ደህና ነበር፤ የጠፉት ኢንሱሊን የሚሠሩት ሕዋሳት ለብቻቸው ነበሩ። የመጀመሪያው በሽታ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ አድራሻውን አልረሳም ማለት ነው። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ ለዓይነት አንድ ሕመምተኛ የሚሰጠው መድኃኒት ሁለት ነገር መያዝ አለበት፣ የሌላ ሰው ሥጋ ላይ የሚነሣውን ቲ-ሴልና በራስ ላይ የተነሣውን የድሮውን ቲ-ሴል። ኩላሊት ለሚተከልለት ሰው ይህ ሁለተኛው ጣጣ የለበትም።

አሁን ወደ ማስረጃው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት የተባሉት ክኒኖች ሲመጡ፣ ቀድሞ አብዛኛውን ሰው በመጀመሪያው ዓመት ይይዘው የነበረው የሰውነት እምቢታ በጣም ቀነሰ። ያኔ አንድ ተገቢ ጥያቄ ተነሣ፦ ክኒኖቹ እንዲህ ከበረቱ፣ የመነሻው መድኃኒት አሁንም ያስፈልጋል ወይ? ይህን ለመመለስ በአሜሪካ በ18 ማዕከላት 174 ሰዎች ኩላሊትና ቆሽት አብሮ ሲተከልላቸው በዕጣ ለሁለት እኩል ተከፈሉ። ሁሉም ሦስቱን ክኒኖች፣ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ስቴሮይድ፣ ይወስዳሉ። ግማሾቹ የመነሻው መድኃኒት ተጨመረላቸው፣ ግማሾቹ አልተጨመረላቸውም። መድኃኒቱ በተሰጣቸው ዘንድ የኩላሊት እምቢታ ቀንሶ ታየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኩላሊታቸውም በተሻለ ቁጥር በሕይወት ነበር። የቆሽቱ ዕድሜ ግን በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ሆነ።

ይህን ውጤት ያነበበ ሰው «እንግዲያው መድኃኒቱ ለቆሽት አይጠቅምም» ሊል ይችላል። እኔ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ችኩል ይመስለኛል። የቆሽቱን የመጀመሪያ ወራት ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ቆሽት ከለጋሹ ሲወጣ ከጣፊያ ጋር ተያይዞ ነው። ብዙ ደም ይዘው በቆሽቱ ጀርባ የሚያልፉት ትልልቅ የደም ሥሮች ወደ ጣፊያ የሚሄዱና ከጣፊያ የሚመጡ ናቸው። ጣፊያው ለተቀባዩ ስለማያስፈልግ በጠረጴዛ ላይ ተቆርጦ ይጣላል፣ የደም ሥሮቹ ጫፍ ይቋጠራል። ያን ሁሉ ደም ይሸከም የነበረ ሰፊ ሥር አሁን ለጥቂት ሥጋ ብቻ ይሠራል፤ ጫፉ ዝግ ነው፤ ደሙ ይዘገያል። የዘገየ ደም ይረጋል። በተቆጣና ባበጠ ቆሽት ውስጥ ደግሞ ይበልጥ። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ከሚጠፉት ቆሽቶች ብዙዎቹ የሚጠፉት እንዲህ በረጋ ደም ነው፤ አንዳንዱ በስፌቱ መፍሰስ፣ በኢንፌክሽን ወይም በመድማት ይጠፋል። ደሙ የረጋበት ቆሽት አብዛኛውን ጊዜ በድጋሚ ኦፕራሲዮን ከመውጣት አይድንም። ይህን የሚወስነው የለጋሹ ዕድሜ፣ ውፍረቱ፣ የሞተበት ምክንያት፣ ቆሽቱ በበረዶ የቆየበት ሰዓት፣ የቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው። የጥንቸሏ ፀረ እንግዳ አካል በተቋጠረ የደም ሥር ጫፍ ላይ የሚቆም ደምን የማስኬድ አቅም የለውም። ሐኪሞች በዚህ ላይ የሚያሰልፉት ሄፓሪንን፣ አስፒሪንንና ጥንቃቄ የተሞላበት የለጋሽ ምርጫን ነው።

እንግዲህ በሁለቱም ቡድን እኩል ቁጥር ያለው ቆሽት በረጋ ደም ከጠፋ፣ ጠቅላላው የዕድሜ ቁጥር ሁለቱን ቡድኖች ያቀራርባል፤ መድኃኒቱ በእምቢታ ላይ የሠራው ሥራ በውስጡ ይዋጣል። ኩላሊት እንዲህ በቀላሉ ደም አይረጋበትም፤ ለዚህ ነው ጥቅሙ እሱ ላይ ጎልቶ የታየው ብዬ የማምነው። ለሰውየውም ኩላሊት መዳኑ ቀላል ነገር አይደለም። ስኳሩ ተስተካክሎ ወደ እጥበት መመለስ ማንም የሚመኘው አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ቆሽት ሲታመም አለመናገሩ ነው። ኩላሊት እምቢ ሲባል ክሬአቲኒን የሚባለው የደም ቁጥር ወዲያው ይወጣል። ከአንድ ለጋሽ የመጡ ኩላሊትና ቆሽት ብዙውን ጊዜ አብረው ስለሚጠቁ፣ የኩላሊቱ ቁጥር ስለ ቆሽቱም ያስጠነቅቃል፤ ሐኪሙ ቶሎ ደርሶ ያክማል። ቆሽት ብቻ የተተከለለት ሰው ይህ አስጠንቃቂ የለውም። ያለው አማይሌዝና ላይፔዝ የሚባሉ የደም ምርመራዎችና ናሙና ማውጣት ነው። ስኳር መውጣት የመጨረሻው ምልክት ነው፤ ስኳሩ እስኪወጣ ድረስ ከኢንሱሊን ሕዋሳቱ ብዙዎቹ አልቀዋል። በዚያ ላይ ኩላሊቱ ያልደከመ ሰው መከላከያው የበረታ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም መከላከያም አብሮ ይደክማልና። ስለዚህ የመነሻው መድኃኒት ከሁሉ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ዘግይቶ የሚታይን ጥቃት ከማከም ከመጀመሪያው እንዳይነሣ ማድረግ ይሻላል። በዚህ ወገን የትኛውም ማዕከል ያለ ብርቱ መድኃኒት ልሞክር ቢል እኔ በበኩሌ እፈራለታለሁ።

በተግባርም የሆነው ይኸው ነው። ጥናቱ የቆሽቱ ዕድሜ መርዘሙን ባያሳይም፣ ዛሬ በአሜሪካ ቆሽት ከሚተከልላቸው ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት የመነሻውን መድኃኒት ያገኛሉ፤ አብዛኛዎቹም ቲ-ሴል የሚያጠፋውን ዓይነት። ታይሞግሎቡሊን በአሜሪካ በ1998 የተፈቀደው የተነሣ የኩላሊት እምቢታን ለማከም ነበር፣ በ2017 ደግሞ እምቢታውን ለመከላከል፤ ሁለቱም ፈቃዶች ለኩላሊት ናቸው። ለቆሽት የሚሰጡት ሐኪሞች ልምዳቸውን ይዘው ነው። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ከዕድሜ ቁጥር ውጭ ያለ ነው። ስቴሮይድ ስኳር ያወጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ፊት ያሳብጣል። ስኳርን ለመገላገል ብሎ ቆሽት ያስተከለ ሰው ስኳር የሚያወጣ ክኒን ዕድሜ ልኩን ቢውጥ ያሳዝናል። ብርቱ የመነሻ ሕክምና ያገኙ ብዙ ሰዎች ስቴሮይዱን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ሊያቆሙ ይችላሉ። ይህ ጥቅም «ቆሽቱ ሠራ ወይስ ጠፋ» ብቻ በሚቆጥር ሠንጠረዥ ላይ አይታይም።

ዋጋውስ? ያ ያልነው ሌባ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በዚያው የአሜሪካ ጥናት ቲ-ሴል የሚያጠፋ መድኃኒት በተሰጣቸው ሰዎች ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ በዝቶ ታይቷል። ብዙ ሰው ይህን ቫይረስ በልጅነቱ ይዞት ሳያውቀው ይኖራል፤ ቲ-ሴሎች ስለሚጠብቁት አይነሣም። ከባዱ አደጋ ያለው ቫይረሱ ያለበት ለጋሽ ቆሽት፣ ቫይረሱ ፈጽሞ ይዞት ለማያውቅ ሰው ሲሄድ ነው። ስለዚህ ቫይረሱን የሚከላከለው ቫልጋንሲክሎቪር ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይሰጣል። በኤፕስታይን ባር ቫይረስ የሚነሣ የንፍፊት ካንሰርም አለ፤ ብዙ አይደለም፣ ከተከሰተ ግን ከባድ ነው።

ከእኛ አገር ለወጡ ሰዎች ሁለት ነገር ልጨምር፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እነዚህን ባይረሳ ደስ ይለኛል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሕያው ቤተሰብ በሚገኝ ኩላሊት የሚሠራ ነው፤ ሙሉ ቆሽት ግን ከሟች ለጋሽ የሚመጣ ስለሆነ፣ በቆሽት ጉዳይ ይህ የሚመለከተው ይበልጥ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉትን ነው። ከሁለቱ ነገሮች አንደኛው ቲቢ ነው። በልጅነት የገባ የቲቢ ተህዋስ ሳያሳምም በሰውነት ተኝቶ ለዓመታት ይኖራል። ቲ-ሴሎቹ ሲጠፉ ሊነሣ ይችላል። የቆዳ ወይም የደም ምርመራ አድርጎ፣ ካለ አስቀድሞ መታከም ይቻላል። ሁለተኛው ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ነው፤ በባዶ እግር አፈር ከመርገጥ ይገባል። ይህ ትል በሰውየው ውስጥ ራሱን እየተካ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሃያ ዓመት ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን የኖረ ሰው ከገጠር ይዞት መጥቶ ሊሆን ይችላል። ስቴሮይድ ሲሰጥ ትሉ በመላ አካል ሊሰራጭ፣ ሊገድልም ይችላል። የሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፣ የደም ምርመራ ይሻላል፣ አይቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒት ትሉን ያጠፋዋል። የውጭ አገር ሐኪም የት እንዳደግን፣ በባዶ እግር መሄድ አለመሄዳችንን ላይጠይቅ ይችላል። ሳይጠየቁ መንገር ነው።

የመነሻው መድኃኒት የማይነካው አንድ ነገርም አለ። እነዚህ መድኃኒቶች በዋናነት የሚመቱት ቲ-ሴልን ነው። ከወራትና ከዓመታት በኋላ የተቀባዩ ሰውነት በለጋሹ ሥጋ ላይ የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል ሊነሣ ይችላል፤ የቆሽቱን ትንንሽ የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳል። ኩላሊትና ቆሽት አብሮ ከተተከለላቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ቆሽታቸው እየሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ የሚወሰነው በአንገት ሥር ቱቦ በገባው የመነሻ መድኃኒት ሳይሆን በየቀኑ በሚዋጠው ክኒን ነው። የክኒን ሰዓት መዝለል እንዲህ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ አንዱ ነው።

ታክሮሊመስ እንደ ብዙው ማዘዣ ጠዋትና ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት ይዋጣል። የደም ምርመራ ባለበት ቀን ጠዋት ክኒኑ አይዋጥም፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይዋጣል፣ አለዚያ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታይና ሐኪሙ መጠኑን በስሕተት ይቀንሰዋል። ክኒኑን በኪስ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ መሄድ ጥሩ ልማድ ነው። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያወጣ አይበላም፤ የባህል መድኃኒትም ለሐኪሙ ሳይነገር አይወሰድ። የሚጾም ሰው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ክርስቲያንም ሆነ ረመዳን የሚጾም ሙስሊም፣ ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት፤ የክኒኑ ዓይነት በቀን አንድ ጊዜ ወደሚዋጠው ሊቀየርለት ይችላል፣ ይህ ግን የደም ምርመራ እየተደረገ ቀስ በቀስ የሚሠራ እንጂ በጾሙ ዋዜማ የሚደረግ አይደለም።